የቆፈን ቋጠሮ

ሁለት ቁጥር ባቡር ከብሮንክስ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ብሩክሊን ሲምዘገዘግ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፏል። በወትሮው እሑድ በዚህ ሰዓት የሚሳፈረው ከሥራ የወጣ ጥበቃ፣ ወደ ሥራ የሚገባ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከጭፈራ ቤት የተረፈ ጎረምሳ ነው። የዚያን ዕለት ግን በየጣቢያው የሚገባው ሰው ሁሉ የሩጫ ጫማ አድርጓል። ከጫማው በላይ ያለው አለባበስ ለጉድ ነው። አንዷ ያደፈ ሮዝ የመኝታ ጋውን ደርባለች፤ አንድ ጎልማሳ እጅጌው ክርኑ ላይ የሚቀር የልጅ ሹራብ ለብሷል፤ ሌሎቹ ለአንገትና ለክንድ ቀዳዳ የተበጀለት ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አጥልቀዋል።

«እታለም፣ እብዶች መሐል ነው እንዴ ያስገባሽኝ?» አልኳት የአክስቴን ልጅ።

ከቦርሳዋ ሁለት የተጣጠፉ ጥቁር ላስቲኮች አወጣችና አንዱን ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። «ያንተ ይኸውልህ።»

ሁለታችንም የደብረ ብርሃን ልጆች ነን። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የባቄላውን ማሳ በአንድ ሌሊት አክስሎት ሲያድር ያየ ሰው ስለ ብርድ ምክር አይቀበልም። እኔም ከሲልቨር ስፕሪንግ በአውቶቡስ ስመጣ በስልክ የፎከርኩት ይህንኑ ነበር፦ ለእኛ ደግሞ ብርድ ይነገረናል? እታለም ብሮንክስ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ረዳት ነርስ ናት። መልሷ አጭር ነበር። «የደብረ ብርሃን ብርድ ሦስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። የዚህኛው አብሮህ ይውላል።»

ቀኑ መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 19 ቀን 2023። የኒውዮርክ ግማሽ ማራቶን የከተማዋን የፀደይ ሩጫዎች ከሚከፍቱት አንዱ ነው ይባላል። ፀደይ የሚለው ቃል ግን ከሁለቱም ወገን ያጠራጥራል። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ስለሆነ ገና በጋ ላይ ነን። በእነሱም ቢሆን ቀንና ሌሊት የሚስተካከሉበት ዕለት ማግሥቱ ነበር፤ ስለዚህ የሮጥነው በክረምታቸው ማብቂያ ዋዜማ ነው። በዚያ ላይ ዕለቱ የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት ነው። በዚያ እሑድ የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24፣ ሽሽት በክረምት ወይም በሰንበት እንዳይገጥም መጸለይን ይመክራል። ቅዳሴ የቀረባት እታለም ይህን ያስታወሰችው ባቡሩ ማንሃተንን ሲሻገር ነው።

«በሁለቱም ገጠመን» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

ቁርሳችንን የበላነው እዚያው ባቡር ውስጥ ነው። በሶ በስኳርና በውኃ በጥብጣ በሁለት ጠርሙስ ይዛለች። በሶ ለጾምም ለሩጫም የተፈጠረ ይመስላል፦ የተቆላ ገብስ ነው፣ ለመፈጨት አይከብድም፣ ሆድ አይነፋም፣ ጉልበት ይሰጣል። አጠገባችን የተቀመጠው ወጣት ከቱቦ የሚጨመቅ ጄል በእጁ እያሻሸ ያሞቃል፤ በብርድ እንደ ረጋ ማር ጠጥሮበታል። የኛን ጠርሙስ በቅናት ነበር የሚያየው። ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኛል።

ግራንድ አርሚ ፕላዛ ወርደን ወደ ፕሮስፔክት ፓርክ ስንጠጋ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከ20 ሺህ በላይ ሯጭ በፍተሻ ያልፋል፣ ሽንት ቤት ይሰለፋል፣ ዕቃ ያስረክባል። ዕቃ ማስረከቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ሩጫው ብሩክሊን ተጀምሮ የሚያልቀው ማንሃተን፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በመሆኑ መጨረሻ ላይ የምትፈልገውን ሁሉ ውስጡ በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት አድርገህ ለመኪኖቹ ትሰጣለህ፤ እነሱ ቀድመውህ ይሄዳሉ። እታለም በየከረጢታችን ደረቅ ካናቴራ፣ ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ ከታ በእኔው ላይ አንድ አሮጌ ጋቢ አጣጥፋ ጨመረችበት።

«እስኪጀመር ልልበሰው እንጂ!»

«ላስቲክ አለህ። ጋቢው ለመጨረሻው ነው።»

የከረጢቱን አፍ ጠምዝዛ ቋጠረችው፤ በላዩ ላይ ደገመችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስባ አጠበቀችው። ስልቻ ጤፍ ለገበያ የምታስር ነበር የምትመስለው። «ዝናብ ቢመጣስ?» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ ቆምን።

ስለ ብርድ ሩጫ የሚጻፈው ምክር ከሞላ ጎደል ስትሮጥ ይህን ልበስ የሚል ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ ይህ ምክር ዋናውን ነገር ስቶታል ብዬ አምናለሁ። የሚሮጥ ሰው ምድጃ ነው። ጡንቻ ከሚያነደው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከአራት አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ ሦስቱ እጅ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው አየሩ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው የሚደሰተው፤ ምድጃው በራሱ ጭስ አይታፈንም። ልምድ ያላቸውም ለሩጫ ስትለብስ አየሩ ካለበት አሥር ዲግሪ እንደሚሞቅ ቆጥረህ ልበስ ይላሉ፤ መነሻው ላይ የማይበርደው ሰው አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይጠበሳል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ችግሩ ግን ያን ስስ ልብስ ለብሰህ ከመነሻው በፊት አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቆምህ ነው። ምድጃው ገና አልተለኮሰም።

ዝነኞቹ ሯጮች እንዲህ አይቆሙም። በሞቀ ቦታ ተቀምጠው፣ አሟሙቀው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቱታቸውን አውልቀው ይሰለፋሉ። ብርዱን ውጭ ቆሞ የሚጠጣው ለመሮጥ ገንዘብ የከፈለው ሕዝብ ነው፤ ለመሮጥ ገንዘብ የሚከፈላቸው ግን ይሞቃቸዋል። ይህን ስላት እታለም «አንተም በሰዓት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ሩጥና ማሞቂያ ይሰጡሃል» አለችኝ።

መጀመሪያ የሚሄደው ጣት ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ የተለየ ቃል አለው፦ ቆፈን። እንግሊዝኛ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችን እጄ ደነዘዘ ነው የሚሉት፤ መደንዘዝ ግን ሐኪም በመርፌም ያደርገዋል። ቆፈን ብርድ ብቻ የሚያመጣው ነው፤ ጣት አለ፣ ታየዋለህ፣ ግን አይታዘዝህም። በደብረ ብርሃን ጠዋት ትምህርት ቤት ስንገባ እርሳስ መጨበጥ አቅቶን እጃችንን ብብታችን ውስጥ የምንሸጉጠው በእርሱ ምክንያት ነበር። የሰውነት ስሌት ነው። ብርዱ ሲጠና ደም ከቆዳና ከጣት እየተሰበሰበ ልብና ሳንባን ወደያዘው ወደ መሐል ይሸሻል፤ ዳሩን ለቅቆ መሐሉን ማዳን ማለት ነው። ደሙ መሐል ላይ ሲከማች ኩላሊት ፈሳሽ የበዛ ይመስለዋል፤ ሽንት ይመጣል። ከበሶዬ ሌላ ምንም ያልጠጣሁ ሰውዬ ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ የተሰለፍኩት ለዚህ ነው። የፓርኩ ግማሽ ሕዝብም ከኔ ጋር ተሰልፎ ነበር።

አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ወጣች። አንገታችንን ወደ እሷ አዞርን፤ እኔ በልማድ ግድግዳ ፈለግሁ። ፀሐይ መሞቅ እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ ወሬ እያወሩ ይሠሩታል። አገር ቤት ማለዳ የሚሰለጥኑ ሯጮችም ይህን ያውቁታል። በእንጦጦና በሱሉልታ በንጋት ሲነሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቱታ በቱታ ደርበው ነው የሚጀምሩት። ግን ልምምዱ ሳያልቅ ፀሐይዋ ትመጣና ሒሳቡን ትዘጋለች። የኒውዮርክ የማርች ፀሐይ ብርሃን ብቻ ናት። ከተማዋ በባሕር የተከበበች ናት፤ ባሕር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ቅዝቃዜ ቶሎ አይለቅም፤ ከምድሩ በኋላ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ ሰማዩ ፀደይ ሲመስል ነፋሱ ገና የካቲት ላይ ነው።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር ልናዘዝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል!» በሚሉት እናቶች ብዙ ዓመት ስቄአለሁ። ሳንባ ነቀርሳን፣ ምችን፣ ቁርጥማትን ሁሉ በአንዲት የመስኮት ክፍተት የሚያሳብቡ ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሽታው ላይ ባይሆንም በብርዱ ላይ ትክክል ናቸው። ሰውነታችን ዙሪያውን አንድ ስስ የሞቀ አየር ለብሶ ነው የሚኖረው፤ ነፋስ ያንን ልብስ ይገፍፈዋል። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢነፍስ የተጋለጠ ቆዳ የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ እንደሆነ ያህል ነው። ሯጭ ደግሞ ነፋሱን ራሱ ይጨምርበታል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጥክ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ከገጠመህ ለቆዳህ 30 ነው። ከኋላህ ሲመጣ ደግሞ ይጠፋል፤ ይሞቅሃል፣ ያልብሃል፣ ትዘናጋለህ። የተዘናጋሁት እኔ ነኝ።

ሩጫው ሲጀመር በየአጥሩ ላይ የተጣለው ልብስ ኮረብታ ሠራ። ሹራቡ፣ ጋውኑ፣ ኮፍያው፣ ሁሉም እየተወረወረ ቀረ። ለመጣል ተብሎ የሚመጣ ልብስ ነው። እታለም ከኔ በኋላ የሚነሳ ምድብ ውስጥ ስለነበረች ስንለያይ ላስቲኬን ተቀበለችኝና «ጓንቱን ግን እንዳትጥል» አለች። የሰማኋት ይመስለኛል።

ፕሮስፔክት ፓርክ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምድጃው ነደደ። ጀርባዬ ራሰ፣ ግንባሬ ላብ አወጣ፣ የሹራቤን ዚፕ ከፈትኩ። አራተኛው ላይ ጓንቶቼን አወለቅኩ። በእጅ ይዞ መሮጥ ይረብሻል፤ ኪስ የለኝም፤ ሰዉም ግራና ቀኝ እየወረወረ ነው። ከመንገዱ ዳር ከነበረ ክምር ላይ ጣልኳቸውና ቀለለኝ። ብሩክሊን ከዚያ በኋላ በፍላትቡሽ ጎዳና ቁልቁል ትወስድሃለች፤ መንገዱ ሰፊ፣ ሰዉ እያጨበጨበ፣ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ሁለት ሰዓት ከማይሞላ ጊዜ ውስጥ የምጨርስ መሰለኝ።

ከዚያ ማንሃተን ድልድይ ይመጣል።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ብረት ነው። ሥሩ ያለውን ውኃ ኢስት ሪቨር ይሉታል፤ ወንዝ ግን አይደለም፣ ከባሕር የሚገባና ወደ ባሕር የሚመለስ ጨው ውኃ ነው። ዳገቱን ስትጀምር ሕንፃ የለ፣ ዛፍ የለ፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለ። ከጎን ባቡር ሲያልፍ ብረቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ነፋሱ እንደ ወንፊት በሽቦዎቹ መሐል ያልፋል፤ በላብ የራሰውን ሹራቤን ሲያገኘው ያለቀልኝ መሰለኝ። ውኃ ሙቀትን ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ፍላትቡሽ ላይ በኩራት ያፈሰስኩት ላብ ድልድዩ ላይ ጠላቴ ሆነ። ዚፑን ልዘጋ ሞከርኩ። ጣቶቼ ዚፑን አያገኙትም። በሁለት መዳፌ ይዤ፣ እንደ ድብ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ እስከ ደረቴ ብቻ ወጣልኝ።

በዚያ ሰዓት ፊት የነበሩት ጨርሰው ይሆናል። ማታ እንዳየሁት ሴቶቹን ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሔለን ኦቢሪ ናት፤ በ1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣችው የኛዋ ሰንበሬ ተፈሪ ናት፣ 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ55። ኦቢሪ የሰበረችው የቦታው ክብረ ወሰን ደግሞ ራሷ ሰንበሬ በቀደመው ዓመት አሸንፋ ያስመዘገበችው 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ35 ነበር። ከወንዶቹ የቀደመው ኡጋንዳዊው ጃኮብ ኪፕሊሞ ሲሆን ጆሹዋ ቼፕቴጌይን አስከትሎ ገብቷል። ሰዓቱን ልብ በሉ፦ 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ሊዝበን ላይ ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን 57 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ ልክ አራት ደቂቃ። ዳገቱም፣ የውድድሩ አካሄድም፣ ለቀጣይ ጉልበት መቆጠቡም አለበት፤ ብርድና ነፋስም ድርሻቸውን ወስደዋል። በምድር ላይ በዚህ ርቀት ከእርሱ የፈጠነ ያልነበረ ሰው አራት ደቂቃ ከገበረ የኔ መገበር አያሳፍርም ብዬ ተጽናንቻለሁ።

ድልድዩን ወርደን በኢስት ሪቨር ዳር ያለውን የመኪና አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ሄድን። ይህን ክፍል በብዙ ቃል አልገልጸውም፤ አስፋልት ነው፣ ረጅም ነው፣ አያልቅም። ውኃ ማደያዎቹ ጋ መሬቱ ላይ የፈሰሰው ውኃ ያንሸራትታል። ማንም ደግሞ መጠጣት አይፈልግም፤ ብርድ ጥማትን ያስረሳል፣ ላቡ ግን እየሄደ ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ኩባያ ስትዘረጋልኝ ጣቶቼ መጨበጥ ስላልቻሉ በሁለት መዳፌ ተቀብዬ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስኩት። «ይቅርታ» አለችኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ጋ ታጥፈን 42ኛው መንገድ ስንገባ ነፋሱ በግንቦቹ መሐል እንደ ቧንቧ ውኃ ተጠራቅሞ ጠበቀን። ደግነቱ ዝናብ የለም አልኩ። ይህን ያስባለኝ ቦስተን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2018 የቦስተን ማራቶን የተሮጠው ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ ብርድ፣ በዶፍ ዝናብና በፊት ነፋስ ነበር። ማሚቱ ደስካ ለብዙ ኪሎ ሜትር ስትመራ ቆይታ አቋረጠች፤ ሌሎች ስመ ጥር ሯጮችም በየመንገዱ ቀሩ። አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን ያሸነፈችበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነው፤ በደህና ቀን በዚያ ሰዓት አሸናፊ መሆን አይታሰብም። ከወንዶቹ የቀደመው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ በጊዜው የትምህርት ቤት አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። ያን ቀን ብዙ ሰው ስለ ጽናት አወራ፤ እኔ ግን ነገሩ ከሰውነት ይጀምራል ባይ ነኝ። ረጅም ርቀት የሚሮጡ ምርጥ አትሌቶች ቀጫጭን ናቸው፤ ከቆዳቸው ሥር ብርድ የሚመልስ ስብ የላቸውም። የሚያሞቃቸው ፍጥነታቸው ብቻ ነው። በሆነ ምክንያት ፍጥነታቸው ሲቀንስ ሙቀታቸውም ይቀንሳል፤ ሙቀታቸው ሲቀንስ ፍጥነታቸው ደግሞ ይብሳል። አገር ቤት ብርድ መታው የምንለው ይህን ሳይሆን አይቀርም፤ ያላበው ሰው ሲቆም የሚያገኘው ነገር ነው።

ታይምስ አደባባይ። መኪና የለም፤ ያ ሁሉ የማስታወቂያ መብራት ለሯጭ ብቻ በርቷል። እዚህ ቦታ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያላሰበ ኢትዮጵያዊ ካለ ይገርመኛል። ኃይሌ ይህን ውድድር ያሸነፈው ገና በኦገስት ሙቀት ይካሄድ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ59 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። በኋላ ውድድሩ ወደ ማርች ሲዞርም የኛ ሰዎች አልጠፉም። ፍሬሕይወት ዳዶ በ2012 አሸነፈች። በሪዮ ኦሊምፒክ እጁን ካጣመረ በኋላ አሜሪካ የቆየው ፈይሳ ሌሊሳ በ2017 አሸነፈ። በላይ ጥላሁን በ2019 የከተማዋን ክለብ፣ የዌስት ሳይድ ራነርስን ማልያ ለብሶ ሲቀድም ብዙዎች ስሙን የሰሙት ያን ቀን ነው። እኔ የምወደው ግን የ2018ቱን ነው። ዜሮን በተጠጋ ብርድ ቡዜ ድሪባ አሜሪካዊቷን ኤሚሊ ሲሰንን በአንድ ሰከንድ ቀድማ ገባች። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው መስመር፣ ደጀኔ ደበላ በአሜሪካዊው ቤን ትሩ በአንድ ሰከንድ ተቀደመ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ አንዲት ሰከንድ ሰጥቶ አንዲት ሰከንድ መቀበል። ይህን ሳሰላስል ሰባተኛውን ጎዳና ጨርሼ ሴንትራል ፓርክ ገባሁ።

የፓርኩ ዳገቶች ትናንሽ ናቸው ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ ስለሚመጡ ግን ማንም በቁመታቸው አይለካቸውም። 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ገባሁ። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩና ቀና ስል ምድጃው ጠፍቷል። በትክክል የተሰማኝ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ገብቶ እሳቱን ያጠፋው ያህል። ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አንድ ልጅ የብር ወረቀት የመሰለውን ብርድ ልብስ አለበሰኝ። ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም ተቀብቶ የተሠራ፣ ከጠፈር ምርምር የመጣ ዕቃ ነው። ነፋስ ይከለክላል፣ የሰውነትን ሙቀት መልሶ ያንጸባርቃል። ሙቀት ግን አይፈጥርም፤ ያንተኑ ነው የሚመልስልህ። ያንተ ካለቀ የሚመልሰው የለም።

ከመድረሻው እስከ ዕቃ መኪኖቹ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በብር ወረቀት የተጠቀለለ ሕዝብ እያነከሰ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዝም ብሎ ይጓዛል። እታለም ሥራ ቦታዋ የምታየውን አንድ ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ብርድ የጎዳው ሰው መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ አንደበቱ፣ ከዚያ ሐሳቡ ይተሳሰራል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሐኪም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እየሄድኩ ራሴን ፈተንኩ። የእናቴን ስም፣ የስልክ ቁጥሬን፣ የደብረ ብርሃንን ሰፈሮች በቃሌ አነበነብኩ። አንደበቴ ደህና ነው። ጣቶቼ ግን የሌላ ሰው ናቸው።

ከረጢቴን ተቀበልኩ። ውስጡ ይታያል፤ ነጩ ጋቢ ተጣጥፎ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቡ መሐል የሚታሰረው አየር ነው የሚያሞቀው። ጥጥ በላብ ከራሰ ለሯጭ የማይሆን ጨርቅ ነው፣ ደረቅ ሆኖ ከላይ ሲደረብ ግን የሚተካከለው አላውቅም። የሚለየን አንድ ቋጠሮ ነው። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም። በጥፍሬ ልይዘው ሞከርኩ፤ ጥፍሬ የት እንዳለ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ቆሞ «ልርዳህ?» አለኝ፤ የእሱም ጣቶች ከኔ አይሻሉም፤ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ስንታገል ቆይተን ሳቅን፤ እሱም መንገዱን ይዞ ሄደ። ላስቲኩን ልቀድደው አሰብኩ፤ ለመቅደድም ጣት ያስፈልጋል። በመጨረሻ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት። የሚንገጫገጭ ጥርስ ግን ቋጠሮ አይፈታም፤ ያኝከዋል እንጂ።

እታለም ያገኘችኝ እንደዚያ ሆኜ ነው፤ የብር ወረቀት ተጠቅልዬ፣ ላስቲክ ከረጢት አፌ ውስጥ አድርጌ። ከኔ ሃያ ደቂቃ ዘግይታ ነበር የገባችው፤ ፊቷ ቀልቷል፣ እጆቿ ጓንት ውስጥ ናቸው። ምንም አላለችም። ከረጢቱን ከአፌ ወሰደች፣ አንዱን ጓንት አወለቀች፣ ቋጠሮውን አየችው፣ በሁለት ጣቷ አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳብ አደረገችው። ተፈታ።

ጋቢውን ከራሴ ጀምራ እስከ ጉልበቴ ጠቀለለችኝ። ከዚያ እጆቼን አየቻቸው።

«ጓንትህስ?»

«ብሩክሊን» አልኳት።